ስለ ስፌትና ስለ ቋጠሮ
በላንካስተር አገር ብርድ ልብስ እንዴት እንደሚፈጸም

በሰሜን አሜሪካ ከፊላደልፍያ ከተማ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው፥ በፔንሲልቫንያ ግዛት ላንካስተር ከሚባለው አውራጃ ይደርሳል። አገሩ አፈሩ የለማ፥ ኮረብታውና ሜዳው የተመጣጠነ የገበሬ አገር ነው። በጐዳናውም ላይ ከአውቶሞቢሉ ጐን ግራጫ ሽፋን ያለው ሠረገላ በፈረስ ሲጐተት ይታያል፤ ባለሠረገሎቹ አሚሽ የሚባሉት ሰዎች ናቸው። እነዚህ ሰዎችና በእምነት የሚዛመዷቸው ሜኖናይቶች፥ አባቶቻቸው በስዊስና በጀርመን አገር ስለ ሃይማኖታቸው ስደት ደርሶባቸው፥ በፈረንጅ አቈጣጠር ከ1710 ዓ.ም. ጀምሮ ባሕር እየተሻገሩ በዚህ ስፍራ ሰፈሩ። የሜኖናይቶች ስም ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም፤ ከጠላት ወረራ በኋላ በናዝሬት፥ በዛሬዋ አዳማ፥ በኃይለ ማርያም ማሞ ስም የተጠራውን ሆስፒታል ብዙ ዘመን ያካሄዱት እነርሱ ነበሩ።

የዚህ አገር ሴቶች ከሚመሰገኑበት የእጅ ሥራ አንዱ ብርድ ልብስ ነው። የእኛ ጋቢ የሚሞቀው በድርብነቱ ነው፤ በውስጡ የሚጐዘጐዝ ነገር የለበትም። የእነርሱ ግን ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ ይኸውም በላይ ከቍርጥራጭ ጨርቅ የተገጣጠመ ገጽ፥ በታች ገበር፥ በመካከሉም የተነደፈ ጥጥ ወይም ሱፍ ነው። እነዚህ ሦስቱ ካልተያያዙ ሥራው ከንቱ ነው። የጥጥ ፍራሽ ያሰፋ ሰው እንደሚያውቀው፥ ያልተያዘ ጥጥ ወደ አንድ ወገን ይሸሻል፤ በታጠበም ጊዜ ይጓጕላል፤ የተኛውም ሰው ግማሽ ገላው ሲሞቅ ግማሹ ይበርደዋል። ስለዚህ የብርድ ልብስ ፍጻሜው ሦስቱን አንድ ማድረግ ነው። ለዚህም ሁለት መንገድ አለ፤ አንደኛው መስፋት፥ ሁለተኛው ማሰር ነው። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል የሚለው ጥያቄ ትንሽ ቢመስልም፥ ነገሩን መርምሮ ለተመለከተው ሰው ብዙ ትምህርት ይገኝበታል።

መስፋት ሲባል፥ ሦስቱ ነገሮች በእንጨት መወጠሪያ ላይ ከተወጠሩ በኋላ፥ ሴቶቹ በመወጠሪያው ዙሪያ ተቀምጠው፥ በጣታቸው የብረት ቆብ አጥልቀው፥ መርፌውን ወደ ታች እያስገቡና ወደ ላይ እያወጡ በደቃቅ ስፌት ሙሉውን ገጽ ይሸፍኑታል ማለት ነው። የእጅ ባለሙያ የሆነችው ሴት በአንድ ኢንች ውስጥ አሥር ስፌት ያህል ታሳርፋለች። አሚሾች አበባና ሥዕል ያለበትን ጨርቅ ስለማይለብሱ ብርድ ልብሳቸውም እንዲሁ ነው፤ ጨርቁ አንድ ወጥ ቀለም ያለው፥ ይልቁንም ጥቍር ሰማያዊ፥ ወይን ጠጅ፥ አረንጓዴ ይሆናል። ስለዚህ ጌጡ ያለው በስፌቱ ነው። ብርሃን በጐን ሲያርፍበት ላባ፥ አክሊል፥ የተጐነጐነ ገመድ የሚመስል ቅርጽ ከጨርቁ ውስጥ ብቅ ይላል። ከ1880ዎቹ እስከ 1940ዎቹ በላንካስተር የተሰፉት እጅግ የተመረጡ ናቸው። በ1971 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ዊትኒ በሚባለው ሙዚየም የአሜሪካ ብርድ ልብሶች እንደ ሥዕል በግድግዳ ተሰቅለው ከታዩ ወዲህ፥ ሰብሳቢዎች እነዚህን አሮጌ ብርድ ልብሶች በብዙ ዋጋ ይፈልጓቸው ጀመር። ከ1980ዎቹም አንሥቶ ጦርነት ከላኦስ ያሰደዳቸው የህሞንግ ሴቶች በዚሁ አውራጃ ተቀምጠው፥ በአሚሽ ስም ከሚሸጠው ብርድ ልብስ ብዙውን በእጃቸው ሰፍተዋል።

የስፌቱ ጥቅም ከጌጡ ያልፋል። ጨርቁ በተሳበ ጊዜ ኀይሉ በብዙ ስፌት ላይ ስለሚከፋፈል አንዱ ስፍራ ብቻውን አይጐዳም፤ ጥጡም በጠባብ በጠባቡ ስለ ተያዘ ብዙ ጊዜ ቢታጠብ ከስፍራው አይንቀሳቀስም። ነገር ግን ዋጋው ጊዜ ነው፤ አንዱን ለመፈጸም ሳምንታት፥ አንዳንድ ጊዜም ወራት ይፈጃል። ደግሞም መርፌ በደቃቁ እንዲያልፍ ጥጡ ስስ መሆን አለበት።

ማሰር ግን እንዲህ ነው። በረዥም መርፌ ወፍራም ክር ይገባና ሦስቱን ነገር በስቶ ወደ ታች ያልፋል፤ ጥቂት ፈቀቅ ብሎም ወደ ላይ ይመለሳል፤ ሁለቱ የክር ጫፎች ተቋጥረው የአውራ ጣት አንጓ ያህል ቀርቶ የተረፈው ይቈረጣል። ከዚያ አንድ ጋት ያህል ተርቆ ሌላ ይቋጠራል፤ ገጹም ሁሉ በዚሁ ሥርዐት ይሞላል። ጥቂት ሰዎች ተባብረው በአንድ ቀን ሊፈጽሙት ይችላሉ፤ ልጅም ሽማግሌም ከሥራው አይከለከልም። ሙቀትን የሚጠብቀው በጥጡ መካከል የታሰረው አየር ስለ ሆነ፥ የታሰረው ብርድ ልብስ ጥጡ ሳይጨፈለቅ ወፍራም ሆኖ ይቀራል፤ በዚህም ምክንያት ከተሰፋው ይልቅ የሚሞቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ጕድለቱም ግልጽ ነው፤ ኀይሉ ሁሉ በቋጠሮው ላይ ስለሚያርፍ ስስ ጨርቅ በዚያ ስፍራ ይቀደዳል፤ ቋጠሮዎቹም ከተራራቁ ጥጡ ይሸሻል።

እንግዲህ አንዳንድ ሰው ማሰርን የሰነፍ ሥራ ነው ቢል፥ ላንካስተርን አይቶ ፍርዱን ያቅና። በ1920 ዓ.ም. በደቡብ ሩስያ፥ ማለት በዛሬዪቱ ዩክሬን፥ ለተራቡት ሰዎች እህል ለማድረስ የተመሠረተው የሜኖናይት ማዕከላዊ ኮሚቴ፥ ጽሕፈት ቤቱ በዚሁ አውራጃ አክሮን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። በአጠገቧ ባለችው በኤፍራታ ደግሞ የማኅበሩ መጋዘን አለ። ቋጠሯቸው የተጠናቀቀ ብርድ ልብሶች ከየመንደሩ ወደዚያ ይመጣሉ፤ ወርዳቸው 60፥ ቁመታቸው 80 ኢንች ያህል ነው። ተመርምረውና ተጠቅልለው እንደ ሶርያ፥ ዮርዳኖስና ዩክሬን ባሉ አገሮች ቤታቸውን ላጡ ሰዎች ሲላኩ ኖረዋል። ማኅበሩ መቶኛ ዓመቱን ባከበረበት በ2020 ዓ.ም. በጃንዋሪ ወር፥ በአንድ ቀን ብቻ 6,500 ብርድ ልብስ ለመፈጸም ታስቦ በአሜሪካና በካናዳ ብዙ ሕዝብ በየስፍራው ተሰብስቦ ነበር። ይህ አሳብ በደቃቅ ስፌት ከቶ ሊሞከር አይችልም ነበር። በድንኳን ውስጥ ያለች እናት ልጅዋን የምታለብሰው ዛሬ ማታ ነው እንጂ ላባውና አክሊሉ ተሰፍቶ እስኪያልቅ አትቈይም።

የተሰፋውም ቢሆን ለችግረኛ መድረሱ አልቀረም፤ ነገር ግን በሌላ መንገድ ነው። በየዓመቱ ለርዳታ በሚደረገው ሐራጅ ያማሩት ብርድ ልብሶች ለጨረታ ይቀርባሉ፤ ገንዘቡም ለተቸገሩት ይውላል። እንዲሁም በፀደይ መግቢያ በረዶው ቀልጦ ሜዳው ሲረጥብ፥ የየመንደሩ በጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊዎች የጭቃ ገበያ የሚባለውን ሐራጅ ያቆማሉ፤ በዚያም ከፈረሱና ከእርሻ መሣሪያው ጋራ ብርድ ልብስ ይሸጣል።

እኔ በጽሕፈት ሥራ የምኖር ሰው ስለ ሆንሁ ነገሩን በዚሁ እመስለዋለሁ። ለትውልድ የሚቈየው መዝገብ በክር ተሰፍቶ ይጠረዛል፤ ገና የሚፈታና የሚጨመርበት የጕዳይ ወረቀት ግን በክር ይታሰራል። ማንም ሰው የታሰረውን ወረቀት ስላልተጠረዘ አይነቅፈውም። የታሰረውም ብርድ ልብስ ገጹ ባረጀ ጊዜ ቋጠሮው ተቈርጦ፥ ጥጡ ወጥቶና እንደ ገና ተነድፎ፥ በአዲስ ጨርቅ ሊታሰር ይችላል።

ስለዚህ በቤቱ ብርድ ልብስ ሊያሠራ የሚወድ ሰው፥ አስቀድሞ ማን እንደሚለብሰውና መቼ እንደሚያስፈልገው ይጠይቅ። ለሙሽራ ስጦታ፥ ለልጅ ልጅም እንዲተርፍ የታሰበ ከሆነ፥ ጥጡ ስስ ይሁን፤ ጊዜም ተሰጥቶት ይሰፋ። ለብርድ ወራት ፈጥኖ እንዲደርስ፥ ወይም ለተቸገረ ሰው እንዲሰጥ የታሰበ ከሆነ ግን ጨርቁ ጠንካራ፥ ጥጡ ወፍራም ይሁንና ይታሰር። ክሩ ሲቋጠር መጀመሪያ ቀኙ በግራው ላይ፥ ቀጥሎ ግራው በቀኙ ላይ ይዙር፤ ሁለቱም ጊዜ በአንድ ወገን የዞረ እንደ ሆነ ቋጠሮው ይንሸራተታል። ለችግረኛ ነው ተብሎም በግዴለሽነት አይሠራ፤ የሚለብሰው ሰው ሌላ የለውምና፥ ከመላኩ በፊት እያንዳንዱን ቋጠሮ በጣት ስቦ መፈተን ይገባል።