ቤቱ ረከሰ፣ ቦታውስ?

ሰሞኑን «ተገጣጣሚ ቤት የቤት ችግርን ይፈታል» የሚል ወሬ በዝቷል። ሐሳቡ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። አሜሪካ ውስጥ፣ ሚሺጋን ግዛት፣ ቤይ ሲቲ በምትባል የጣውላ ከተማ ዊልያም እና ኦቶ ሶቨሪን የተባሉ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1906 አላዲን የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። ገዢው ከካታሎግ ቤት ይመርጣል፣ ገንዘቡን ይልካል፣ ቤቱ በዕቃ ባቡር ይመጣለታል፤ ጣውላው በልኩ ተቆርጦ፣ ቁጥር ተጽፎበት፣ ከምስማሩና ከቀለሙ ጋር።

ርካሽነቱ ከየት መጣ? ከመጋዙ። አናጢ ግቢ ውስጥ በእጅ መጋዝ ሲቆርጥ ቀኑ ይሄዳል፤ ቁርጥራጩም ማገዶ ይሆናል። ፋብሪካው ግን ንድፉን ከጣውላው ርዝመት ጋር ስለሚያስማማ ብክነቱ ትንሽ ነው፤ አንዴ በያዘው ልክ ለብዙ ቤት ይቆርጣል። አላዲንማ በጥራቱ ከመመካቱ የተነሳ፣ በውጭ ግድግዳው ጣውላ ላይ ጉጥ ላገኘ ሰው በእያንዳንዱ ጉጥ አንድ ዶላር እከፍላለሁ ይል ነበር። (ማስታወቂያ ማለት ይሄ ነው!)

እኔ በምኖርበት በሜሪላንድ እንዲህ ባሉ የካታሎግ ቤቶች ዛሬም ሰው ይኖራል። የአንድ ወዳጄ ምድር ቤት ውስጥ፣ አግዳሚው ላይ የታተመውን ፊደልና ቁጥር በእጄ ዳስሼዋለሁ። ያንን ቤት ለመግዛት ባልና ሚስት ለዓመታት ሁለት ሁለት ሥራ ሠርተዋል። አብዛኛው ገንዘብ የሄደው ለጣውላው እንዳይመስላችሁ፤ ለቦታው ነው።

ያኔም ከካታሎጉ ዋጋ ውጭ የነበረው ይኸው ነው። ቦታው፣ መሠረቱ፣ የግንብ ሥራው ከገዢው ኪስ ይወጣ ነበር። ስለዚህ ዛሬ አንድ ሰው የግድግዳውን ዋጋ ብቻ ጠርቶ ቤት ረከሰ ሲለኝ መሬቱ የማን እንደሆነና ብድሩን ማን እንደሚሰጥ ሳልጠይቅ አላልፈውም።

ብድሩ ቀላል ነገር አይደለም። በ1908 ገበያውን የተቀላቀለው ሲርስ እስከ 1940 ድረስ 70,000 ያህል ቤት ሸጧል፤ ለገዢዎቹም ያበድር ነበር። ከ1929 በኋላ ኢኮኖሚው ሲንኮታኮት ሰው ሥራ አጣ፤ ዕዳው ግን ባለበት ቆየ። ኩባንያው የገዛ ደንበኞቹን ቤት እስከ መውረስ ደረሰ፤ በ1934 የ11 ሚሊዮን ዶላር የቤት ብድር አወራርዶ ከማበደር ሥራ ወጣ። እጅ በእጅ ይሸጥ የነበረው አላዲን ግን እስከ 1980ዎቹ ዘልቋል።