በአዳማ በአንድ ቤት ግድግዳ ላይ ያየነው ሥዕል

ከአዲስ አበባ ተነሥተን ስንጓዝ መንገዱ ሞጆ ላይ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወደ ደቡብ ታጥፎ በመቂ በኩል ዛሬ ባቱ ወደምትባለው ወደ ዝዋይ ያደርሳል፤ ሁለተኛው ቀድሞ ናዝሬት ትባል ወደ ነበረችው፣ ነፋሷ ወደማያርፈው ወደ አዳማ ይዘልቃል። ባለፈው ሐምሌ በዚህኛው የሄድነው፣ አንድ ወዳጃችን በቤቱ ግድግዳ ላይ ያሣለውን ሥዕል እንድናይለት ስለ ጠራን ነው።

ሥዕሉ የሰማዕቱ የአቡነ ጴጥሮስ ነው። አባታችን በሰላሌ በፍቼ ተወልደው፣ በ1921 ዓ.ም. በግብፅ ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ነበሩ። ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረ ጊዜ፣ አርበኞችን አውግዘው ለጠላት እንዲገዙ ቢጠየቁ እምቢ ስላሉ፣ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ በጥይት ተገደሉ። ይህንስ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ነገር ግን ከጵጵስናቸው አስቀድሞ በዝዋይ ሐይቅ ደሴት ባለች ቤተ ክርስቲያን ማገልገላቸውን የዚህ አገር ልጆች ስንቶቹ ሰምተው ይሆን? የወዳጃችን ትውልድ ከዚያው ከሐይቁ ዳር ስለ ሆነ፣ ልጆቹ ሰማዕቱን እንደ ሩቅ አገር ሰው እንዳይቈጥሯቸው አስቦ ሥዕሉን ጀመረ።

ክርክር የተነሣው በንድፉ ነው። የወዳጃችን እናት «ሲገደሉ ይሣሉ፤ ወታደሮቹም ጠመንጃቸውን ደግነው ይታዩ» አሉ። ሠዓሊውም በጥንቱ የአገራችን ልማድ፣ ሰማዕቱን በሙሉ ፊት በሁለት ዓይን፣ ገዳዮቹን ግን በጎን በአንድ ዓይን አድርጎ በከሰል ነደፈ። ታናሺቱ ልጅ አይታ፣ «አባዬ፣ እነዚህ ሰዎች ማታ ማታም እዚሁ ናቸው?» ብላ ጠየቀች። በዚያች ሌሊትም በእልፍኙ አልተኛም አለች።

አባትየው ተጨንቆ የንስሐ አባቱን አማከረ። እርሳቸውም «ልጅህ በየማለዳው ስትነሣ ማንን እንድታይ ትወዳለህ? ገዳዩን ወይስ እረኛውን?» አሉት። እናቲቱ ግን አዝነው፣ «ታዲያ ግፉ ይረሳ ማለት ነውን?» ሲሉ፣ ካህኑ «አይረሳም፤ እርስዎ ይንገሯት። ሲነግሯት እጅዋን ይዘው ነው፤ ግድግዳው ግን እጅ የለውም» ብለው መለሱላቸው።

ስለዚህ ወታደሮቹ ተደመሰሱ። በስፍራቸው ሐይቁ፣ ደሴቶቹና አንዲት ታንኳ ተሣሉ፤ ሰማዕቱም መስቀላቸውን ይዘው በፊት ቆመዋል። በጭቃው ምርጊት ላይ ቀለም ቢቀባ በክረምቱ ርጥበት ይላጣልና፣ የቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ከጥንት ሲያደርጉት እንደ ኖሩት፣ ሥዕሉ በጨርቅ ላይ ተሠርቶ በግድግዳው ተለጠፈ።

ሐምሌ 22 ማታ ከቤተ ሰቡ ጋር በሥዕሉ ፊት ተቀመጥን። እናቲቱ ልጅቱን አጠገባቸው አድርገው፣ የጥይቱንም ነገር ሳይሸሽጉ፣ ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ ፍጻሜው ተረኩላት። ልጅቱ በጣትዋ ታንኳይቱን እየነካች፣ «ወደ ደሴቱ የተሻገሩት በዚህች ነው?» አለች። አያትዋም «እንደዚህች ባለችው ይሆናል፤ ነይ ልቀጥልልሽ» አሏት። በዚያች ሌሊትም ልጅቱ በእልፍኙ ተኛች።

የተወደዳችሁ ወላጆች ሆይ፤ በቤታችን የጀግና ሥዕል ልናኖር ብንወድ መልካም ነው። ነገር ግን ከሥሩ ተቀምጦ የሚተርክ ከሌለ፣ ሥዕሉ ቀለም ሆኖ ይቀራል። የምንሥለውን እንምረጥ፤ የሣልነውንም እንንገር። የሰማዕቱ ጽናት በልጆቻችን ልብ ይደር፤ አሜን።