ዘንገናን ከሳሎንዎ

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በመኪና ተጉዘው ከሆነ፣ እንጅባራ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀርዎ ዘንገና ሐይቅን ሳያዩት አልፈው ይሆናል። ከዋናው መንገድ ቅርብ ነው፤ ዙሪያው ግን ዛፍ ነው። ዛሬ ማታ ልጆችን ሰብስበው በስልክዎ ጉግል ኧርዝ ላይ ይፈልጉት። እሳተ ገሞራ የፈጠረውን ክብ ጉድጓድ ውኃ ሞልቶት ያያሉ። ዳሩ ላይ የቆመ ሰው ይህን ክብነት እንዲህ አያገኘውም።

አገርን በኮምፒውተር ዓለም ማስተዋወቅ አዲስ አይደለም። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ2007 ሰከንድ ላይፍ በተባለው ምናባዊ ዓለም ውስጥ ኤምባሲ ከፍታ ነበር (ቪዛ ግን አይሰጥም ነበር!)።

ለአዊ ምርጫው የእኔ ቢሆን ካሜራውን የማስቀምጠው ፈረሶቹ መሃል ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚያከብረው በዓል በ360 ዲግሪ ቢቀረጽ፣ መነጽሩን ያጠለቀ ልጅ አንገቱን ባዞረ ቁጥር ሌላ ፈረስ ይመጣበታል። የሙዚቃ ማጀቢያ አያስፈልገውም፤ የኮቴው ድምፅና የፈረሰኞቹ አዊኛ ይበቃዋል። መንገድ በሚያስቸግርበት ጊዜ፣ ውጭ አገር ላደገ የአዊ ልጅም፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሲሄዱ ጃኬት ይያዙ፤ የእንጅባራን ብርድ መነጽሩ አይነግርዎትም።