ቀጣፊዎቹ የማያሳስቱባት ደሴት

እ.ኤ.አ. በ1925፣ ኤፕሪል ዘ ፉል ዕለት። ሬይመንድ ስሙልያን የተባለ ትንሽ ልጅ ታሞ ተኝቷል። ታላቅ ወንድሙ ኤሚል ጠዋት ገብቶ፣ ዛሬ ተሞኝተህ በማታውቀው መንገድ አሞኝሃለሁ ብሎት ወጣ። ልጁ ቀኑን ሙሉ ጠበቀ። ምንም የለም። ማታ ላይ ወንድሙ ነገሩን አስረዳው፦ እንደማሞኝህ ጠበቅህ፣ አላሞኘሁህም፣ ስለዚህ አሞኘሁህ። መብራት ከጠፋ በኋላም ልጁን እንቅልፍ እምቢ አለው። ተሞኝቷል ወይስ አልተሞኘም?

ይህ ልጅ አድጎ የሎጂክ ሊቅ ሆነ፤ ፒያኖ ተጫዋችና የምትሃት ትርኢት አሳይም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ያሳተመው መጽሐፍ ርዕሱ ራሱ «የዚህ መጽሐፍ ስም ማን ነው?» የሚል ነው። በውስጡ አንዲት ደሴት አለች፤ ከነዋሪዎቿ እኩሌቶቹ ዘወትር እውነት ይናገራሉ፣ ሌሎቹ ዘወትር ይቀጥፋሉ። በመልክ አይለዩም። እንበልና መንገደኛ ሁለት ሰዎች አገኘ፤ አንደኛው «ሁለታችንም ቀጣፊዎች ነን» አለው።

እስቲ አስቡት። እውነተኛ ሰው ራሱን ቀጣፊ አይልም፤ ስለዚህ ተናጋሪው ቀጣፊ ነው። ቀጣፊ ከሆነ ደግሞ ያለው ውሸት ነው፤ ሁለቱም ቀጣፊዎች ሊሆኑ አይችሉም። አፉን ያልከፈተው ሰውዬ እውነተኛ ነው ማለት ነው። መንገደኛው አንድ ውሸት ሰምቶ ሁለት እውነት ይዞ ሄደ።

የዚህ ዓይነት ተረት ጣዕሙ እዚህ ላይ ነው። ያው ጥያቄ «ሀ» እና «ለ» ተብሎ ቢቀርብ፣ ብዙ ሰው የትምህርት ቤት ፈተና ትዝ ብሎት ይሸሻል። ደሴትና ቀጣፊ ሲገባበት ግን ጨዋታ ነው ብሎ ይቀመጣል፤ ሳያውቀው ማስረጃ መመዘን ይጀምራል። ሉዊስ ካሮልም ይህ ገብቶት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1865 የአሊስን ተረት ያሳተመው ይህ የኦክስፎርድ የሒሳብ መምህር፣ በ1896 ባወጣው የሎጂክ መማሪያ ውስጥ ሕፃናት አዞ መቆጣጠር እንደማይችሉ በሦስት ዓረፍተ ነገር ያስረዳል። (የእኛ እንቆቅልሽ መልሱ የሚገኘው በምስል ነው፤ ምስሉ ካልመጣልህ አገር ሰጥተህ ትገላገላለህ። እዚህ ግን ደረጃ በደረጃ የሄደ ሁሉ ይደርሳል።)

እንዲህ ያለ ጨዋታ የሚወድ ሰው በወሬ አይታለልም የሚሉ አሉ። ይህ ግን ማጋነን ነው። የደሴቲቱ ቀጣፊ እኮ ታማኝ ቀጣፊ ነው! ቃሉን መገልበጥ ብቻ ይበቃል። «እነ እገሌ ያሉት ነገር ተቃራኒው እውነት ነው» ብሎ ዜና የሚያነብ ሰው በዚያች ደሴት ላይ ያለ ይመስለዋል። እነ እገሌ ግን ዘጠኙን በትክክል ተናግረው አሥረኛውን የሚቀጥፉ ሊሆኑ ይችላሉ።

ስሙልያን ራሱ ይህን ሦስተኛ ወገን አልረሳውም። አንዴ እውነት፣ አንዴ ውሸት የሚናገሩትን «መደበኛ ሰዎች» ይላቸዋል፤ ስያሜው ፈገግ ያሰኛል። እነሱን ሲያስገባ ግን አስቀድሞ ለአንባቢው ይነግረዋል፦ ከሦስቱ አንዱ እውነተኛ፣ አንዱ ቀጣፊ፣ አንዱ መደበኛ ነው ብሎ። ስልክ ላይ የሚደርሰው ወሬ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ይዞ አይመጣም።