ሹመት ያዳብር ስንል



ጥር 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ሐሙስ ዕለት፣ ቤይሩት ውስጥ ከቤተ ክርስቲያናችን ጎን ባለችው አዳራሽ አሥር ያህል እህቶች ቴሌቪዥን ከበው ተቀምጠው ነበር። የልደትን በዓል ካከበርን ሁለተኛው ቀን ስለ ነበር ጌጡ ከግድግዳው ላይ አልወረደም። በሌላ ጊዜ ቢሆን ሁሉም በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ በሆኑ ነበር። ነገር ግን ጦርነቱ ሲበረታ አሠሪዎቻቸው ቤታቸውን ዘግተው ሲሸሹ ደጅ ላይ የቀሩ ናቸውና፣ የተኩስ አቁሙ ከተደረገ ስድስት ሳምንት ቢያልፍም የሚመለሱበት ቤት አልነበራቸውም።

ጀበናው ተጥዷል። ዐረብኛ አጥርታ የምታውቅና በዚህ አገር ብዙ ዓመት የኖረች አንዲት እህት ለሌሎቹ ትተረጉማለች። የሊባኖስ ፓርላማ ፕሬዚዳንት እየመረጠ ነው። በ1943 እ.ኤ.አ. በተደረሰው ያልተጻፈ ስምምነት መሠረት ፕሬዚዳንቱ ማሮናዊ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሱኒ፣ የፓርላማው አፈ ጉባኤ ሺዓ ይሆናሉ፤ ወገኖቹ መስማማት ሲያቅታቸውም መንበሩ ባዶ ይቀራል። በዚህ ምክንያት ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ አገሪቱ ያለ ርእሰ ብሔር ቆይታለች። ያን ዕለት የጦር ኃይሉ አዛዥ ጄኔራል ጆሴፍ አውን በመጀመሪያው ዙር ከ128ቱ መቀመጫዎች የ71 ተወካዮችን ድምፅ አገኙ፤ ይህም አልበቃም። ከጥቂት ሰዓት በኋላ 99 ድምፅ አግኝተው ተመረጡ፤ ቃለ መሐላም ፈጸሙ።

ከመንገዱ የርችት ድምፅ ተሰማ። ከእህቶቹ አንዷ ደንግጣ ጆሮዋን ያዘች፤ ርችት መሆኑን ስታውቅ እያፈረች ሳቀች። ሌላዋ በአገራችን ልማድ «ሹመት ያዳብር!» ብላ ሁላችንንም አሳቀችን። ከሁሉ ታናሽ የሆነችው ግን ወደ ተርጓሚዋ ዘወር ብላ «ስለ እኛ ያነሱት ነገር አለ?» ስትል ጠየቀች። «እስካሁን አልሰማሁም» አለቻት። ልጅቱም ዝም ብላ ቡናውን መቅዳት ጀመረች።

ይህች ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከልቤ አልወጣችም። በዕድሜዬ ብዙ ሹመት አይቻለሁ፤ ከእነዚያም ሁለቱ ዛሬ ትዝ ይሉኛል።

የመጀመሪያው ግንቦት 1983 ዓ.ም. ነው። በአዲስ አበባ የዘርዓ ክህነት ተማሪ ነበርሁ። ፕሬዚዳንት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ለቀው መውጣታቸው በሬዲዮ ሲነገር ግማሾቻችን በደስታ ዘለልን፤ ግማሾቻችን ነገ ምን ይመጣ ይሆን ብለን ፈራን። አንድ ሽማግሌ መምህራችን ግን አልዘለሉም፤ አልፈሩምም። ወደ ጸሎት ቤት ጠሩንና «ልጆቼ፣ ለሚመጣው እንጸልይ፤ ለሄደውም እንጸልይ» አሉን። በወጣትነቴ ቀዝቃዛ ሰው መሰሉኝ። ጥበባቸው የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው።

ሁለተኛው መጋቢት 24 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። ዶክተር ዐቢይ አሕመድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ቃለ መሐላ ሲፈጽሙና ንግግር ሲያደርጉ እዚሁ ቤይሩት ሆኜ ተከታተልሁ። እናታቸውንና ባለቤታቸውን ሲያመሰግኑ፣ ከኤርትራ ጋር ስለ መታረቅ ሲናገሩ ዕንባ መጣብኝ። ያለቀስሁት እኔ ብቻ አልነበርሁም። ስህተቴ ዕንባው አይደለም። በሚቀጥለው እሑድ መሠዊያው ፊት ቆሜ ያን ተስፋ ከወንጌሉ ጋር አንድ አድርጌ ሰበክሁ። እግዚአብሔር የላከልን ሰው ነው ማለቴ ነበር፤ ምእመናኑም አጨበጨቡ።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነቱ ተጀመረ፤ ስልክም ተቋረጠ። በአንድ አግዳሚ ወንበር ይቀመጡ የነበሩ እህቶች በተለያየ ወንበር መቀመጥ ጀመሩ። ከእነርሱ አንዷ፣ የትግራይ ልጅ፣ ከቅዳሴ በኋላ ቀርባ እንዲህ አለችኝ፦ «አባ፣ ያን ጊዜ ከመሠዊያው ፊት ቆመው አመስግነው ነበር። ዛሬ እናቴ በሕይወት መኖሯን አላውቅም። ዛሬስ ምን ይላሉ?» የምለው አልነበረኝም። በዚያ ሳምንት ንስሐ ስገባ ይህን ስብከት ጨምሬ ተናዘዝሁ።

በደሌ ተስፋ ማድረጌ አይደለም። ተስፋዬን በመሠዊያው ላይ ማስቀመጤ ነው። አንድ ሰው ገና ሥራውን ሳይጀምር የእግዚአብሔርን ማኅተም ካተምሁለት፣ ነገ በእርሱ ዘመን ለሚበደል ምስኪን ምን ፊት ይዤ እቆማለሁ? የሚያለቅስ ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ ካህኑን ከሹሙ ጎን ቆሞ ካገኘው፣ ወዴት ይሄዳል?

ሐዋርያው ጳውሎስ ለነገሥታትና ለባለ ሥልጣናት ሁሉ እንዲጸለይ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ፣ በዘመኑ የነበሩት ነገሥታት ለክርስቲያኖች ወዳጆች አልነበሩም። በቅዳሴያችንም ለገዢዎች የሚቀርበው ጸሎት ልመና እንጂ ውዳሴ አይደለም። የሚለመንለት ሰው የጎደለው ነገር ያለበት ሰው ነው። ስለዚህ ለአንድ መሪ መጸለይ ደካማ ፍጡር መሆኑን በእግዚአብሔር ፊት መመስከር ነው።

በአገራችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ምሳሌያዊ አነጋገር አለ። ሕዝባችን ይህን የተናገረው ሹመትን መብል አድርገው የያዙ ብዙዎችን ስላየ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ሹመት የሚጀምረው በመሐላ ነው፤ መሐላም ዕዳ ነው። እኔ በክህነቴ ቀን የገባሁት ቃል በየዕለቱ ይጠይቀኛል፤ የመሪውም ቃል እንዲሁ ሊጠይቀው ይገባል። ባለ ዕዳውን የመጠየቅ መብት ያለውም ያጨበጨበለት ብቻ አይደለም፤ በንግግሩ ውስጥ ስሙ ያልተነሣውም ጭምር ነው። በሊባኖስ በ1946 እ.ኤ.አ. የወጣው የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው ውጭ አድርጓቸዋል። ሕጉን አዲሱ ፕሬዚዳንት አላወጡትም፤ ብዙ መሪዎች ከመሐላቸው በኋላ እንዳለ ትተውት አልፈዋል። እንግዲህ የዚያች ታናሽ እህት ጥያቄ የተገባ ጥያቄ ነው፤ ቡና እየቀዳችም ቢሆን መጠየቋን ልትተው አይገባትም።

በሚቀጥለው እሑድ ስለ ሊባኖስና ስለ አዲሱ ፕሬዚዳንት ጸለይን፤ ጥበብን፣ ፍትሕን፣ ለደካማው የሚራራ ልብን ለመንንላቸው። ስለ አገራችን ኢትዮጵያና ስለ መሪዎቿም እንዲሁ። ስብከቴ ግን ስለ ዕለቱ ወንጌል ብቻ ነበር።

ያን ሐሙስ ንግግሩን ትተረጉምልን የነበረችው እህት በ2013 ዓ.ም. የጠየቀችኝ እርሷ ናት። ስልኩ ሲከፈት የእናቷን ድምፅ ሰማች፤ የወንድሟን ግን አልሰማችም። ርችቱ ሲያበቃ ቴሌቪዥኑን ዘጋችና «አባ፣ አሁን እንጸልይላቸው፤ ማመስገኑን ሥራቸውን አይተን እንደርስበታለን» አለችኝ። ሽማግሌው መምህሬ ያን ጊዜ በጸሎት ቤት ያስተማሩኝን ትምህርት፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቼ ከእርሷ አንደበት እንደገና ተማርሁ።

የሰላም አምላክ በያላችሁበት ቤት ይጠብቃችሁ።