የሩር ፍቅር

ስለ ጨዋታ መጻፍ ቁም ነገር የጎደለው ሥራ የሚመስላቸው ጓደኞች እንዳሉን እናውቃለን። ይሁን እንጂ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ላደግነው ለእኛ፥ ከፊደል አስቀድሞ የያዘን ፍቅር የሩር ፍቅር ስለ ሆነ ከእርሱ ሌላ የምንጀምርበት የለንም።

ሩር ከእንጨት ሥር ተጠርቦ የሚድበለበል ኳስ ነው፤ ጥንግ የሚሉትም አሉ። የሚመታበት ጫፉ የቆለመመ በትር ገና ይባላል፤ በዓሉም፥ ጨዋታውም፥ በትሩም በአንድ ስም ይጠራሉ። የጌታን መወለድ የሰሙ እረኞች በደስታ በበትራቸው ተጫወቱ፥ ጨዋታውም ከዚያ መጣ ብለው አባቶች ይተርካሉ። አሜሪካኖች ስለ ቤዝቦላቸው፥ አይርላንዶችም ስለ ኸርሊንጋቸው ሲመኩ ብንሰማ አይደንቀንም፤ ሁሉም ዱላና ኳስ ነውና።

ኅዳር 15 ቀን የነቢያት ጾም ሲገባ እኛ ከብት ጠባቂዎቹ ዓይናችን ከላሞቹ ይልቅ በቁጥቋጦው ላይ ያርፍ ነበር። ከተፈጥሮው የጎበጠ የወይራ ቅርንጫፍ ያገኘ ልጅ ለማንም ሳይናገር ምልክት አድርጎበት ይመለሳል። ያልጎበጠውን በእሳት ለብልበን፥ በጠፍር አስረን፥ ጢስ እንዲጠጣ ከጣሪያ ሥር እንሰቅለዋለን። በዚያ መካከል ላሞቹ የረገጡት የሰው በርበሬ በጀርባችን ላይ በአለንጋ ተቆጥሯል።

ጤፉ ታጭዶ ማሳው ባዶ ሲሆን የላይ መንደርና የታች መንደር ይገጥማሉ። የተጫዋች ቁጥር የለም፤ ዳኛም የለም፤ ሩሩን በባላጋራው ወሰን ያሳለፈ ያሸንፋል። የልጆች ጨዋታ ለመለማመጃ ነው፤ ዋናው የገና ዕለት፥ ታኅሣሥ 29 ቀን ከቅዳሴ በኋላ የትልልቆቹ ነው። (በአራት ዓመት አንድ ጊዜ በዓሉ 28 ቀን ሲውል አንድ የልምምድ ቀን የተሰረቀብን ይመስለን ነበር።) በዚያ ቀን የተመታ፥ ጌታም ቢሆን፥ አይቆጣም። አንድ ዓመት ብድር ያለበት ገበሬ በትሩን በአበዳሪው ቅልጥም ላይ ሲያሳርፍና አበዳሪው እያነከሰ ሲስቅ በዓይናችን አየን። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም።

ከእኛ ሁሉ የሚበልጠው መቺ የላህን ወንዝ ተሻግሮ የሚመጣ ልጅ ነበር። ሩሩን ከመሬት ሳያነሣ በሰው እግር መካከል ያሳልፈው ነበር። አባቱ ስለ ሞተ ሞፈር ጨበጠ፤ እኛ ግን ለትምህርት ከተማ ገባን። በከተማ የሚከበረው እግር ኳስ ነው፤ ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 ረታ የአፍሪካን ዋንጫ መውሰዷን ሲተርኩልን፥ በቆልማማ ዱላ እንጫወት ነበር ማለት አሳፈረን። የባላገር ጨዋታ ነው ብለን ከከተሞቹ ልጆች ጋር ሳቅን።

አንድ የገበያ ቀን ያ ልጅ ገናውን በትከሻው ይዞ ከሜዳው ዳር ቆመና በየስማችን ጠራን። ሰምተናል፤ ግን ያልሰማን መስለን ኳሱን ተከትለን ሮጥን። ጥቂት ቆሞ ሄደ። ስለዚህ ነገር እርስ በርሳችን እንኳ ተነጋግረን አናውቅም።

ባለፈው ገና ሦስት ሆነን ወደ አገር ቤት ወረድን። ሜዳው ላይ አገኘነው፤ አግብቷል፥ ልጅም አለው። ስሞ ሰላም ካለን በኋላ፥ «እናንተ የተማራችሁት፥ ሩር መምታት አልረሳችሁም?» አለና ከሦስቱ ላንዱ ገናውን ሰጠ፤ ለሁለታችን ደግሞ ከልጆች ተቀብሎ ሰጠን። እርሱ ከባላጋራ ወገን ሆነ። ገና ሩሩ እንደ ተነሣ በትሩን ከሦስታችን በአንዱ ቅልጥም ላይ አሳረፈበት። በስሕተት ይሁን ዐውቆ አልጠየቅነውም። እርሱ ሳቀ፤ እኛም እያነከስን ሳቅን።