የእሑዱ ሙከራ፦ በቤታችን ራውተር ላይ ስለሞከርኩት የፈርምዌር ዕጩ ዕትም

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ኮልፌ በሚገኘው የወላጆቼ ቤት የኦፕን ደብሊውአርቲን 21.02 ፈርምዌር፣ ገና የመልቀቂያ ዕጩ ሳለ፣ በራውተራችን ላይ ጭኜ ሞክሬ ነበር። የድኅረ ምረቃ ጥናቴ በዝግተኛ መስመሮች ላይ ስለሚፈጠር የፓኬት መዘግየት ስለነበር ሙከራው ለእኔም ለፈርምዌሩ ገንቢዎችም ይጠቅማል የሚል ሐሳብ ነበረኝ። የልኬቱ ውጤት በአንድ አነስተኛ ሠንጠረዥ አልቋል። ሠንጠረዡ ውስጥ ቦታ ያጣው ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣምና እዚህ እጽፈዋለሁ።

ከዘርፉ ውጭ ላለ አንባቢ ጥቂት ልበል። ራውተር ስክሪንና ኪቦርድ የሌለው ትንሽ ኮምፒውተር ነው፤ ፈርምዌር የምንለው ይህን ኮምፒውተር የሚያንቀሳቅሰውን ሶፍትዌር ነው። ሊንክሲስ ደብሊውአርቲ 54ጂ የተባለው ራውተር በሊኑክስ እንደሚሠራ ከታወቀ በኋላ፣ የሊኑክስ ፈቃድ በሚያስገድደው መሠረት የምንጭ ኮዱ እ.ኤ.አ. በ2003 ለሕዝብ ተለቀቀ። ኦፕን ደብሊውአርቲ በማግስቱ ዓመት የተወለደው ከዚያ ኮድ ነው፤ ስሙ ውስጥ ያሉት ሦስት ፊደላትም ከዚያው ራውተር የመጡ ናቸው። ገንቢዎቹ በዓለም ላይ ያለውን የራውተር ዐይነት ሁሉ በእጃቸው ሊይዙ ስለማይችሉ፣ የመጨረሻው ዕትም ከመውጣቱ በፊት ዕጩ ዕትሞችን እየለቀቁ የየመሣሪያው ባለቤቶች እንዲሞክሩላቸው ይጠብቃሉ። የእኛ ራውተር ኤምቲ 7621 የተባለ ቺፕ ያለው፣ ያገለገለ ዕቃ ነበር። የ21.02 ማስታወሻ በዚህ ቺፕ ላይ የኔትወርክ ወደቦች አደረጃጀት ስለተለወጠ የቀድሞው ቅንብር ወደ አዲሱ እንደማይተላለፍ፣ ሁሉም ከባዶ መጀመር እንዳለበት ያስጠነቅቃል። (ይኸው ዕትም ዝቅተኛውን መስፈርት ወደ 8 ሜጋባይት ፍላሽና 64 ሜጋባይት ራም ከፍ አድርጓል። መርካቶ በርካሽ የሚገኙ ብዙ አሮጌ ራውተሮች በዚሁ ከደጅ ቀሩ፤ ገንቢዎቹን አልወቅሳቸውም፣ ግን አዝኛለሁ።)

ቤታችን ውስጥ ኢንተርኔት ማለት በዋነኛነት የእሑድ ምሽት ስልክ ነው። ታላቅ እኅቴ ኩዌት በሰው ቤት ትሠራለች፤ እሑድ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ በኢሞ ትደውላለች። መስመራችን በስልክ ሽቦ የሚመጣ ኤዲኤስኤል ሲሆን ወደ ውጭ የሚልከው በሰከንድ 512 ኪሎቢት ብቻ ነው። የሞደሙ ቋት 64 ኪሎባይት የሚይዝ ከሆነ፣ ሲሞላ ለመራገፍ አንድ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ ከኋላ የመጣ የድምፅ ፓኬትም ያን ሰከንድ ተሰልፎ ይጠብቃል። ይህን ለማስቀረት ራውተሩ ላይ ኬክ የተባለውን የወረፋ አስተዳዳሪ ተክዬ፣ ፍጥነቱን ከመስመሩ ዝቅ አድርጌ በ460 ኪሎቢት ወስኜው ነበር። ወረፋው ሞደሙ ውስጥ ከመከማቸት ራውተሩ ላይ ቢቀር፣ ኬክ ትንንሾቹን የድምፅ ፓኬቶች ከትልልቆቹ ኋላ እንዳይቀሩ ያሳልፋቸዋል። እንደዚያም ሆኖ የታናሽ ወንድሜ ስልክ ፎቶ ወደ ውጭ መጫን በጀመረ ቁጥር ጥሪው ይበላሽ ነበር። እናቴ ነገሩን ስትገልጸው፣ «መጀመሪያ ደኅና ነው፤ ትንሽ ቆይቶ ነው ድምፅዋ የሚርቀው» ትል ነበር። ይህን ዐረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ማስታወሻዬ ላይ ግን አልጻፍኩትም።

ፈርምዌሩን የጫንኩት በአንድ ማክሰኞ ሌሊት ነው። በክረምት መብራት በማንኛውም ደቂቃ ሊሄድ ይችላል፤ ፍላሹ እየተጻፈ ሳለ ኃይል ከተቋረጠ ራውተሩ ግዑዝ ሆኖ ሊቀር ይችላልና፣ ከጎረቤት የባጃጅ ባትሪ ተውሼ በ12 ቮልቱ ላይ አሰርኩት። ሥራው በጥቂት ደቂቃ አለቀ። የኔትወርክ ወደቦቹን፣ ዋይፋዩንና ኬክን እንደገና ከባዶ አዋቀርኩ።

በማግስቱ ትልቅ ፋይል ወደ ዩኒቨርሲቲው ሰርቨር እየላክሁ መዘግየቱን ለካሁ። ቀድሞ ከአንድ ሰከንድ ያልፍ የነበረው ወደ 70 ሚሊሰከንድ ወርዷል። በተከታዮቹ ሌሊቶች ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው። ከርነሉ ከ4.14 ወደ 5.4 ስለተሻገረ ምክንያት ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም፤ አዲሱ ዕትም መዘግየቱን ከአሥር እጅ በላይ እንደቀነሰ የሚያበሥር ዘገባ በእንግሊዝኛ ረቀቅሁ። አማካሪዬ ረቂቁን አንብበው ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የለወጥኸው ፈርምዌሩን ብቻ ነው?»

አልነበረም። ከባዶ ሳዋቅር ከዚያ በፊት ሳልነካው ያለፍኩትን የኬክ አማራጭ ሞልቼው ነበር፤ መስመሩ ኤቲኤም መሆኑን የሚነግር አማራጭ ነው። (የባንክ ማሽኑን ማለቴ አይደለም።) በእንደዚህ ዐይነት መስመር ላይ ፓኬቶች እንዳሉ አይጓዙም፤ 53 ባይት ወደሆኑ ሴሎች ይከታተፋሉ፤ ከእነዚህም ጭነት የሚሸከሙት 48ቱ ናቸው፣ አምስቱ የሴሉ ራስጌ ናቸው። ያልሞላ ሴልም እንደ ሞላ ይቆጠራል። 1,500 ባይት ያህል የሚመዝን ፓኬት 32 ሴሎች፣ ማለትም 1,696 ባይት ሆኖ ይወጣል፤ 40 ባይት ብቻ የሆነች የማረጋገጫ ፓኬት ደግሞ ከነተጨማሪዎቿ ሁለት ሴል ስለምትይዝ 106 ባይት ትሆናለች። እንግዲህ እኔ 460 ብዬ የወሰንኩት ፍጥነት ሽቦው ላይ ሲደርስ 520 ገደማ ነበር። መስመሩ የሚችለው 512 ነው። ትርፏ ትንሽ ናት፤ ነገር ግን በየሰከንዱ ስትጠራቀም የሞደሙን ቋት በአንድ ደቂቃ ገደማ ትሞላዋለች። «መጀመሪያ ደኅና ነው፤ ትንሽ ቆይቶ ነው» ያለችው እናቴ ምርመራውን ጨርሳ ነበር።

ይህን በስሌት ማወቅ ለዘገባ አይበቃም። አሮጌውንና አዲሱን ፈርምዌር ከአሮጌውና ከአዲሱ ቅንብር ጋር እያጣመርኩ አራቱንም መሞከር ነበረብኝ። ከመለኪያው ሌላ የሰው ጆሮም እፈልጋለሁ ብዬ አራት እሑዶችን ያዝኩ። ካወቀች ፍርዷ ይዛባል በሚል ለእናቴ አልነገርኳትም፤ ከጥሪው በኋላ «ዛሬስ እንዴት ነበር?» ብዬ ብቻ እጠይቃታለሁ። ስለ ጥናት ሥነ ምግባር ኮርስ ወስጃለሁ፤ የገዛ ቤቴ እዚያ ውስጥ የሚገባ አልመሰለኝም።

በሦስተኛው እሑድ ተራው የአዲሱ ፈርምዌርና የአሮጌው ቅንብር ነበር። ፋይሉን መላክ ጀመርኩ፤ ስልኩ ተደወለ። የመጀመሪያው ደቂቃ በሰላምታ አለፈ። ከዚያ እኅቴ ውሏ ሊያልቅ አንድ ወር እንደቀረው፣ አሠሪዎቿም ሁለት ዓመት እንድትጨምር እንደጠየቋት ነገረቻት። «ልምጣ ወይስ ልጨምር፣ እማ?» አለች።

«ነይ እንጂ ልጄ! ምን ጥያቄ አለው!» አለች እናቴ። አጠገቧ ነበርኩ፤ ትንፋሽ እንኳ ሳትወስድ ነው የመለሰችው።

ከወዲያ በኩል «እማ?» የሚል ድምፅ መጣ። ጥቂት ቆይቶ፣ «ይሁን፤ ገብቶኛል። ልጨምር» አለች። የእናቴ «ነይ» ኩዌት የደረሰው የእኅቴ «ይሁን» ከተጀመረ በኋላ ነበርና ሁለቱ ቃላት ተደራረቡ። እኔ በዚያች ሰዓት ላፕቶፑን እያየሁ ነበር፤ 1,080 ሚሊሰከንድ ይላል። የጠበቅሁት ቁጥር በመሆኑ ለቅጽበት ደስ አለኝ።

የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጂ.114 የተባለው ምክረ ሐሳብ የአንድ አቅጣጫ የድምፅ መዘግየት እስከ 150 ሚሊሰከንድ ቢሆን ለአብዛኛው አገልግሎት እንደሚስማማ፣ ከ400 ግን ማለፍ እንደሌለበት ይገልጻል። ይህን ሰነድ በጥናቴ ምዕራፍ ሁለት ጠቅሼዋለሁ። ሩቅ ያለ ሰው መዘግየትን እንደ መዘግየት እንደማይሰማው፣ የሚሰማው የሌላውን ማመንታት እንደሆነ ግን ምዕራፍ ሁለት ውስጥ የለም።

ፋይሉን አቋረጥኩ። ቋቱ ሲራገፍ እናቴ ደግማ «ነይ» አለቻት፤ ጥርት ብሎ ደረሰ። ቢሆንም የተደገመ ቃል ነው፤ እኅቴም «ግድ የለም፣ አስቤበት እነግራችኋለሁ» ብላ ዘጋች። በዚያው ምሽት ለእናቴም ለእኅቴም ያደረግሁትን ተናዘዝኩ። እኅቴ በድምፅ መልእክት ሳቀችብኝ። ውሏን ግን ለአንድ ዓመት አራዘመች። ያች አንዲት ሰከንድ በውሳኔው ውስጥ ድርሻ ነበራት ወይ ብዬ ልጠይቃት አልደፈርኩም።

አራተኛው ጥምረት፣ አሮጌው ፈርምዌር ከአዲሱ ቅንብር ጋር፣ ሁሉም በተኙበት ሌሊት ተሞከረ፤ መዘግየቱ ያው 70 ገደማ ሆነ። ፈርምዌሩ ለውጥ አላመጣም። ያንን የምሥራች ረቂቅ ሰርዤ ለገንቢዎቹ አጭር ዘገባ ላክሁ፦ በዚህ መሣሪያ ላይ ጭነቱ ያለ ችግር ይፈጸማል፤ ወደቦቹ በማስታወሻው መሠረት ከባዶ መዋቀር አለባቸው፤ በመዘግየት ረገድ ከ19.07 የተለየ ነገር አልታየም። የመጨረሻው 21.02 በዚያው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ወጣ።

የባጃጁን ባትሪ መለስኩ። በተከታዩ እሑድ ስልኩ ሲጮህ እናቴ ከማንሳቷ በፊት ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ዛሬ የምትነካካው ነገር አለ?» አለችኝ። የለም አልኳት። ላፕቶፑን እስክዘጋ ጠብቃ አነሳች።